ኪሎሽን ማዳም አትንገርልሽ፦ ሲቲ ስካን፣ «ሰብጋ»ው እና የሰውነታችን ክብደት

«ከም ወዝኒክ?» አለ የራጅ ባለሙያው። ስንት ኪሎ ነሽ ማለቱ ነው። የጠየቀው ልጅቷን ነበር፤ የመለሰችው ግን ማዳም ናት። ከስልኳ ቀና እንኳ ሳትል «ሰብዒን» አለች። ሰባ። ሰውዬውም ጻፈ።

ልጅቷ አጠገቤ ሆዷን ይዛ ተቀምጣለች። ሪያድ ከገባች ገና አራት ወሯ ነው፤ አረብኛዋ ከ«ተዓሊ» እና ከ«ሩሂ» ብዙም አላለፈም። እኔ የማዳም እናት ቤት ነው የምሠራው። አሥራ አንድ ዓመት ሪያድ ስለኖርኩ በዚያ ቤተሰብ ውስጥ ሐበሻ ሲታመም የምጠራው እኔ ነኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ሆዷን ሲቆርጣት ከርሞ፣ ሐኪሙ ሲቲ ስካን ካላየሁ አልወስንም ብሎ ነው ወደዚያ ክፍል የላከን።

አባያን ታውቁታላችሁ፤ ሰውን ሁሉ አንድ ያደርጋል። አርባ ኪሎም ይሁን ሰማንያ፣ ከውጭ የሚታየው ያው ጥቁር ጨርቅ ነው። እኔ ግን ጠዋት ከአልጋ ደግፌ ሳነሳት ክብደቷን በክንዴ አውቄዋለሁ፤ ሰባ የሚባል ነገር የላትም። እሷ ጥያቄውን አልሰማችም፣ ማዳም ደግሞ ገምታ መለሰች፣ ባለሙያው አምኖ ጻፈ። ክፋት ያሰበ ሰው አልነበረም።

«ያ አኺ፣ አብጋ ሚዛን» አልኩት። ወንድሜ፣ ሚዛን እፈልጋለሁ። ሚዛን እኛም ጋ ሚዛን ነው፣ እነሱም ጋ ሚዛን ነው፤ ይህን ለማለት አረብኛ ማወቅ አያስፈልግም። ወደ ጥግ በእጁ አሳየን። ጫማዋን አውልቃ ወጣችበት። 46 ኪሎ።

ማዳም ራሷ ደነገጠች። ባለሙያው፣ ፀጉሩ የሸበተ ሱዳናዊ ነው፣ የጻፈውን ሰረዘና ማሽኑ ላይ ያለውን ቁጥር ቀየረ። 100 ይል የነበረው 70 ሆነ። የተቀየረው ቁጥር በደም ሥሯ ሊገባ የተዘጋጀው መድኃኒት መጠን ነበር፣ በሚሊ ሊትር።

ያን ቀን በር ላይ ቆሜ ጠየቅኩት፤ ከዚያ በኋላም ሌሎች እህቶችን ይዤ በሄድኩ ቁጥር ያገኘሁትን ባለሙያ ሁሉ ከመጠየቅ አልቦዘንኩም። የተማርኩትን ነው የምነግራችሁ።

«ሰብጋ» የሚሉት ምንድን ነው?

ሲቲ ስካን ሰውነትን በራጅ ጨረር እየዞረ የሚያነሳ ማሽን ነው። አጥንት ለብቻው ደምቆ ይታያል። ጉበት፣ ጣፊያ፣ አንጀትና የደም ሥር ግን በፎቶው ላይ ሁሉም ግራጫ ናቸው፣ እርስ በርስ ይመሳሰላሉ። ለመለየት በደም ሥር አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ይሰጣል። አዮዲን ጨረሩን ስለሚያስቀር ደም በብዛት የሚደርስበት ቦታ ደምቆ ይወጣል። ይህን ፈሳሽ አገር ቤት ኮንትራስት ይሉታል። ሪያድ ሆስፒታሎች ውስጥ የምትሰሙት «ሰብጋ» የሚለውን ነው፣ ቀለም ማለት ነው። ስሙ ቀለም ይባል እንጂ ሲያዩት እንደ ውሃ ነጭ ነው፤ ሽንትንም አያቀልምም።

ክብደት እዚህ ውስጥ የገባው እንዲህ ነው። ሁለት ድስት አስቡ፤ አንዱ የሁለት ሰው ወጥ የሚሠራበት፣ ሌላው የድግስ። በሁለቱም ላይ እኩል አንድ ጭልፋ በርበሬ ብታደርጉ ትንሹ ያቃጥላል፣ ትልቁ አልጫ ይሆናል። ቀለሙም ደም ውስጥ ገብቶ ነው የሚቀጥነው፣ የደማችን መጠን ደግሞ እንደ ሰውነታችን ይለያያል። ትንሽ ሰው ላይ ይደምቃል፣ ትልቅ ሰው ላይ ይደበዝዛል።

ብዙ ቦታ ግን ለአዋቂ ሁሉ አንድ ዓይነት መጠን ይሰጣል፣ ለምሳሌ 100 ሚሊ ሊትር። ሥራ ያቀላጥፋል፣ ስህተትም ይቀንሳል የሚሉ አሉ፤ ሐሳባቸው ከንቱ አይደለም። ቢሆንም ሒሳቡን ተመልከቱ። ጠርሙሱ ላይ 300፣ 350 ወይም 370 የሚል ቁጥር አለ፤ በአንድ ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለው አዮዲን በሚሊ ግራም ነው። የ350ው 100 ሚሊ ሊትር ሲሰጥ 35,000 ሚሊ ግራም አዮዲን ይገባል። የኛ ልጅ 46 ኪሎ ናት፤ ለአንድ ኪሎ 760 ገደማ ደረሳት ማለት ነው። ዘጠና ኪሎ የሚመዝን ሾፌር በዚያው ጠርሙስ ለአንድ ኪሎ የሚደርሰው 390 ገደማ ብቻ ነው።

ስንት ነው የሚበቃው? በ1995 አሜሪካ የወጣና እስከ ዛሬ የሚጠቀስ ጥናት ጉበት ለምርመራ በሚበቃ መጠን እንዲደምቅ ለአንድ ኪሎ ክብደት 521 ሚሊ ግራም አዮዲን ያስፈልጋል ብሏል። በዚህ ብትሄዱ ለ46 ኪሎ ከ70 ሚሊ ሊትር ትንሽ ያንሳል፣ ለዘጠና ኪሎ ደግሞ 134 ይሆናል። ሱዳናዊው ባለሙያ 70 ያደረገው ከዚህ ተነስቶ ነው።

ቁጥሩ ግን እንደ ሃይማኖት የሚያዝ አይደለም። የሚታየው ጉበት ነው ወይስ የሳንባ ደም ሥር፣ ማሽኑ በምን ኃይል ነው የሚሠራው፣ ልብ እንዴት ነው የሚገፋው፣ ይህ ሁሉ ይለውጠዋል። ለቀጭን ሰው የማሽኑን ኃይል ዝቅ ማድረግ ይቻላል፤ ያኔ አዮዲኑ ይበልጥ ስለሚደምቅ ቀለሙም ጨረሩም ይቀንሳል። በጣም ወፍራም ሰው ላይ ደግሞ በኪሎ ብቻ ማባዛት ያሳስታል። ስብ ደም ብዙ አይዝም፤ ስለዚህ አንዳንዶች ስቡን ቀንሰው በሥጋውና በአጥንቱ ክብደት ያሰላሉ፣ ወይም ከዚህ አይለፍ ብለው ጣሪያ ያበጃሉ። ይህ የባለሙያው ሥራ ነው። የኛ ድርሻ ትክክለኛውን ኪሎ መስጠት ነው፤ ከተሳሳተ ቁጥር የተነሳ ስሌት የትም አይደርስም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስምርበት፤ ሲቀንስ ሁልጊዜ ይሻላል ማለት አይደለም። አንዲት እህታችን «ቀለሙ ኩላሊት ይገድላል አሉ፣ ትንሽ ብቻ አድርጉልኝ» ብላ ስትለምን ሰምቻለሁ። ያነሰ ቀለም ማለት የደበዘዘ ፎቶ ነው። የደበዘዘ ፎቶ ደግሞ ጉበት ውስጥ ያለችን ትንሽ እባጭ፣ ሳንባ ውስጥ የረጋን ደም ሊያሳልፍ ይችላል። ከዚያ እንደገና ይነሳል፤ ሁለተኛ ጨረር፣ ሁለተኛ ወጪ፣ ከሥራ ሁለተኛ ቀን መቅረት። በሌላ በኩል ጤነኛ ኩላሊት ላላት ልጅ 30 ሚሊ ሊትር ትርፍ መቅሰፍት አይደለም፤ በሽንት ይወጣል። ጥቅም የሌለው ትርፍ ግን ለምን ይገባል? ኩላሊቱ ለደከመ ሰው ደግሞ ያቺ ትርፍ ቀላል አይደለችም።

በኪሎ መስጠት እንደሚቻል ዓለም በ2022 (እ.ኤ.አ.) በግድ ተምሮታል። በኮሮና ምክንያት ሻንጋይ ስትዘጋ እዚያ ያለው የጂኢ ሄልዝኬር ፋብሪካ ሥራ አቆመና ኦምኒፓክ የሚባለው ቀለም በብዙ አገር ጠፋ። ያኔ ብዙ ሆስፒታሎች ያለቻቸውን ለማብቃቃት ካደረጉት አንዱ በሽተኛውን መዝኖ በልኩ መስጠት ነበር። ቸግሯቸው ሚዛን ከፈለጉ፣ ሳይቸግራቸውም ሚዛኑ ጥግ ላይ አለ።

«ኣይዋ» ያመጣብኝ ጣጣ

እኔ ራሴ ሪያድ በገባሁ በሁለተኛው ዓመት ለራስ ምታት ሲቲ ታዝዞልኝ ነበር። ነርሷ ወረቀት ይዛ ተራ በተራ ጠየቀችኝ። ያልገባኝን ሁሉ «ኣይዋ» ማለት ያኔ ልማዴ ነበር፤ «ላ» ማለት ድፍረት ይመስለኛል። ሐሳሲያ? ኣይዋ። ሱከር? ኣይዋ። ሓሚል? ኣይዋ። ሓሚል እርጉዝ ማለት እንደሆነ የገባኝ ምርመራው ተሰርዞ፣ ማዳም ፊቷ ተለዋውጦ፣ ሁለት ሴቶች ሆዴን ማየት ሲጀምሩ ነው። ለሁለት ሳምንት ያ ቤት ውስጥ የነበረውን አየር እናንተ ገምቱት። የሽንት ምርመራው ነው ያዳነኝ።

ስለዚህ ከአረብኛ ሁሉ አስቀድማችሁ የምታጠኑት «ማ ፈሂምት» የሚለውን ይሁን፤ አልገባኝም ማለት ነው። ቀጥሎ «አብጋ ሙተርጂም»፣ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ። ማንም ከሌለ በስልክ አማርኛ ወደ አረብኛ የሚተረጉም መተግበሪያም ከ«ኣይዋ» ይሻላል። ከአገር ስትወጡ ለጉዞ ምርመራ የተመዘናችሁትን ኪሎም አትስጡ። እዚህ መጥቶ አሥር ኪሎ የጨመረም የቀነሰም አይቻለሁ። የምርመራው ዕለት መመዘን ነው።

ከሻሹ ሥር የነበረው

ወደ ልጅቷ ልመለስ። የሆስፒታሉን ልብስ ልትቀይር ስትገባ አብሬያት ገባሁ። ሻሿን ስትፈታ አንገቷ ላይ እንቅርት አየሁ። ትልቅ አይደለም፣ ግን በግልጽ ይታያል።

«ይኼ ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳት።

«ኧረ እትዬ፣ ከልጅነቴ ነው። እናቴም አላት፤ አያመኝም።»

እንቅርት ለኛ ሰው ብርቅ አይደለም፤ ለዚያም ነው በሽታ ነው ብለን የማንናገረው። በደጋው አገራችን አፈሩ ታጥቦ አዮዲን ስላጣ፣ ብዙ ሰው አዮዲን በሌለው ጨው ነው ያደገው። መንግሥት ለሰው የሚሸጥ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት ደንብ ያወጣው በ2011 (እ.ኤ.አ.) ነው። አዮዲን ተርቦ የኖረ የአንገት ዕጢ፣ ታይሮይድ የሚባለው፣ በድንገት ሲጥለቀለቅ አንዳንዴ ከልክ በላይ ይሠራል። አንድ አዋቂ በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ነው። በአንድ ሲቲ ቀለም ውስጥ ያለው በግራም የሚቆጠር ነው፤ አብዛኛው ከፈሳሹ ጋር ተጣብቆ በሽንት ቢወጣም፣ የሚላቀቀው ትንሹ እንኳ ከዕለት ፍላጎታችን በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ምልክቱ የሚመጣው ያን ዕለት አይደለም፤ ከሳምንታት በኋላ ነው። ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ላብ ይላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል፣ እየበሉ ይከሳሉ። ሰው ቤት የምትሠራ ልጅ ይህ ሲደርስባት ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ፤ ሥራ ጠልታ ነው፣ መንፈስ ያዛት፣ ወደ አገሯ ትመለስ። ሁለት ወር ቀደም ብሎ ከወሰደችው ቀለም ጋር የሚያያይዘው ሰው አይገኝም።

እዚህ ላይ ኪሎው አይረዳም። ቀለሙን ከ100 ወደ 70 ማውረድ ለታይሮይዱ ለውጥ የለውም፤ 70ውም ለእሱ ጎርፍ ነው። ኪሎ አንድ ጥያቄ ነው፣ አንገት ሌላ ጥያቄ ነው። ሁለቱንም ግን ከኛ በቀር የሚመልሰው የለም።

ባለሙያውን ጠርቼ «ዒንደሃ ጉዳ» አልኩት፣ አንገቴን እያሳየሁ። ለራጅ ሐኪሙ ደወለ። ሐኪሟ መጥታ አንገቷን ዳሰሰች፣ ልቧ ይደልቅ እንደሆነ፣ ከስታ እንደሆነ፣ ሙቀት ትጠላ እንደሆነ በኔ በኩል ጠየቀቻት። ምንም ምልክት የላትም። ቀድሞውኑ ታይሮይዱ ከልክ በላይ የሚሠራ ሰው ቢሆን ቀለሙ አይሰጥም ነበር። የሷ ግን ሆዷ አስቸኳይ ስለሆነ ምርመራው ይቀጥል፣ ለታይሮይድ ደም ይወሰድ፣ ከሳምንታት በኋላም ይደገም ብላ ወሰነች። ፋይሏ ላይ አስጻፍኩት። በቃል የተባለ ነገር ተራ ሲቀየር ይጠፋል።

ሌሎቹንም ጥያቄዎች በአጭሩ ልንገራችሁ። ኩላሊት ታማችሁ የምታውቁ ከሆነ ተናገሩ፤ ክሪያቲኒን የሚባል የደም ምርመራ ይሠራል። ከሱ ተሰልቶ የሚወጣው የኩላሊት የማጣራት ቁጥር ከ30 በታች ከሆነ ሐኪሞቹ ቆም ብለው ያስባሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን የምትወስዱ፣ እዚህ ብዙዎች ግሉኮፋጅ በሚለው ስሙ ነው የሚያውቁት፣ ኩላሊታችሁ ደካማ ከሆነ ለ48 ሰዓት እንድታቆሙ ሊነገራችሁ ይችላል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ። ከዚህ በፊት ቀለም ተሰጥቷችሁ ሰውነታችሁ ካበጠ ወይም ካሳከካችሁ ይህ ከሁሉ በፊት የሚነገር ነው። እርጉዝ ከሆናችሁ፣ ወይም ልትሆኑ የምትችሉ ከመሰላችሁ፣ ማዳም ከክፍሉ ትውጣልኝ ብላችሁም ቢሆን ተናገሩ። ጡት የምታጠቡ ማቆም የለባችሁም፤ ወደ ወተት የሚያልፈው ከ1 በመቶ በታች ነው።

ለወንድሞቼም አንድ ቃል። ከግንባታ ቦታ በሐምሌ ፀሐይ ደርቃችሁ መጥታችሁ ወዲያው ቀለም መውሰድ ለኩላሊት ጥሩ አይደለም። ምግብ ጹሙ ቢሏችሁ ውሃስ ይፈቀዳል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከምርመራው በኋላም ጠጡ።

መርፌው ሲገባ

ልጅቷ መሐል ላይ ጮኸች። በመስታወቱ በኩል አየኋት፤ እግሯን ሰብስባ ልትነሳ ነው። ሸናሁ ብላ ነው። አልሸናችም። ቀለሙ ሲገባ ሙቀት ከጉሮሮ ተነስቶ እስከ ታች ይወርዳል፣ አፍ ብረት ብረት ይላል፣ ሽንት ያመለጠ ይመስላል። ከአንድ ደቂቃ ብዙም አይቆይም። አስቀድሜ ባለመንገሬ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ያን ያህል ስለ ኪሎ ስከራከር ይቺን ረሳኋት።

ችላ የማይባለው ሌላ ነው። ፈሳሹ በማሽን ተገፍቶ በፍጥነት ስለሚገባ፣ መርፌው ከደም ሥር ከወጣ ክንድ ያብጣል፣ ያቃጥላል። ያኔ «ዩጂዕኒ» ብላችሁ ጩኹ፣ ያመኛል ማለት ነው፤ በጨዋነት አትቻሉት። መተንፈስ ካቃተ፣ ፊት ወይም ምላስ ካበጠ፣ ጉሮሮ ከተዘጋ አለርጂ ነው። ከባዱ ዓይነት ከ10,000 ሰው 4 ገደማ ላይ ነው የሚደርሰው፣ እዚያው ከተያዘ ደግሞ ይታከማል። ስለዚህ ካለቀ በኋላ ግማሽ ሰዓት ሳትቆዩ አትሂዱ፤ ማዳም መኪናው ውስጥ እየጠበቀች ቢሆንም። ቤት ከደረሳችሁ በኋላ ከመጣ የቀይ ጨረቃ አምቡላንስ 997 ነው።

መብቱ የት ድረስ ነው?

ሳዑዲ ውስጥ ከ2005 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለው የጤና ባለሙያዎች ሕግ በአንቀጽ 19 ያለ በሽተኛው ፈቃድ ሕክምና እንዳይደረግ፣ በአንቀጽ 21 ደግሞ ባለሙያው የበሽተኛውን ምስጢር እንዲጠብቅ ያዛል። አሠሪ ኢቃማችሁን ስላወጣ የሰውነታችሁ ባለቤት አይሆንም። የስምምነት ወረቀቱን የምትፈርሙት እናንተ ናችሁ። ከመፈረማችሁ በፊት ምን እንደሚሰጣችሁ፣ ስንት እንደሚሰጣችሁ መጠየቅ ይቻላል። ሪፖርቱን በወረቀትም በሲዲም ጠይቁ፤ አገር ስትገቡ ይጠቅማችኋል። ምን ያህል ቀለም እንደወሰዳችሁ፣ አለርጂ ነበረ ወይ የሚለው እንዲጻፍ አሳስቡ።

በኩባንያ የምትሠሩ የጤና ኢንሹራንስ በአሠሪው ወጪ ሊኖራችሁ ግዴታ ነው። ለቤት ሠራተኞች ከጁላይ 1 ቀን 2024 ጀምሮ ግዴታ የሆነው ከአራት በላይ ሠራተኛ ባስመዘገበ አሠሪ ላይ ነው። የናንተ ቤት ከዚያ ያነሰ ከሆነ ከመታመማችሁ በፊት ኢንሹራንስ አለኝ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ስለ ሕክምናው ራሱ ቅሬታ ካላችሁ የጤና ሚኒስቴር ስልክ 937 ነው፣ ሌት ተቀን ይሠራል። ሕክምና ስለከለከላችሁ አሠሪ ከሆነ ደግሞ የሠራተኛ ሚኒስቴሩ 19911 ነው።

የልጅቷ ሆድ ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፤ ሊፈነዳ የደረሰ። ፎቶው ጥርት ብሎ ስለወጣ ያንኑ ማታ ቀዶ ጥገና ገባች። ማዳም ሆስፒታል ውስጥ ሦስት ቀን ሾርባ አመላለሰችላት፤ እውነቱን መናገር ደግ ነው።

ለሁለተኛው የታይሮይድ ደም ምርመራ ቀኑን ስልኬ ላይ መዝግቤ ነበር። በስድስተኛው ሳምንት ይዣት ሄድኩ። ነርሷ አሁንም ወደ ማዳም ዞራ «ከም ወዝንሃ?» አለች። ልጅቷ ጫማዋን አውልቃ ሚዛኑ ላይ ቆማለች።

«ቲስዓ ወ አርበዒን» አለች ራሷ። 49።